መረጃ «ተቀምጧል» የሚባለው መቼ ነው?

«ፋይሉ ተቀምጧል»፣ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚሉት አጫጭር መልእክቶች ቀደም ሲል በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ይሰጥ የነበረውን ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ቦታ እየያዙ መጥተዋል። ተገልጋዩ መልእክቱን ያነባል፤ ጉዳዩ አስተማማኝ እጅ ውስጥ እንደገባ ያምናል፤ ወደ ሌላ ሥራውም ይሄዳል። እምነቱ የተመሠረተው ግን ከመስኮቱ በስተጀርባ ባለ፣ በዓይን በማይታይ አሠራር ላይ ነው። ይህ አሠራር መረጃውን በእርግጥ የሚያስቀምጠው መቼ እንደሆነ ማወቅ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ክስተት በቅርቡ በደቡብ ኮሪያ ተፈጥሯል። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ምሽት ዴጆን በተባለችው ከተማ በሚገኘው የአገሪቱ መንግሥት የመረጃ ማዕከል የእሳት ቃጠሎ ተነሣ። የቃጠሎው መነሻ ኃይል ሲቋረጥ ሰርቨሮቹን እንዲደግፉ የተዘጋጁ የሊቲየም ባትሪዎች ነበሩ። በዚህም ምክንያት በመጀመሪያው ቆጠራ 647፣ በኋላ በተስተካከለው ደግሞ 709 የመንግሥት ሥርዓቶች አገልግሎታቸው ተቋረጠ፤ ከእነዚህ መካከል 96ቱ በቀጥታ በእሳቱ የተጎዱ ነበሩ። በስልክ የሚያዝ መታወቂያ፣ የፖስታ ቤት የገንዘብ አገልግሎትና ዜጎች ልዩ ልዩ የምስክር ወረቀቶችን የሚያወጡበት ድረ ገጽ ሳይቀሩ ሥራቸው ታወከ።

አብዛኞቹ ሥርዓቶች ቀስ በቀስ ወደ አገልግሎት ሲመለሱ አንዱ ግን ሊመለስ አልቻለም። ይህም «ጂ-ድራይቭ» የሚባለው የመንግሥት ሠራተኞች የጋራ የፋይል ማስቀመጫ ነው። ሠራተኞች የሥራ ሰነዶቻቸውን በቢሮ ኮምፒውተራቸው ላይ ከማኖር ይልቅ በዚህ ማስቀመጫ እንዲያኖሩ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይበረታቱ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም 30 ጊጋባይት ያህል ቦታ ተመድቦለት ነበር። በቃጠሎው 858 ቴራባይት መረጃ ጠፋ። ከሕንፃው ውጭ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረም፤ ኃላፊዎች የሰጡት ማብራሪያም ማስቀመጫው ብዙ የሚይዝ ሆኖ ፍጥነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ የውጭ ቅጂ ለመያዝ አልተቻለም የሚል ነበር። በአንጻሩ በመንግሥት የሰነድ ማጽደቂያ ሥርዓት ውስጥ አልፈው በይፋ የተመዘገቡ ደብዳቤዎችና ውሳኔዎች በሌላ ሥፍራም ስለነበሩ ተርፈዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሠራተኛ የተዘጋጁ ሁለት ሰነዶች አንዱ ተርፎ ሌላው ሊጠፋ ችሏል። ሠራተኛው ሁለቱንም ባስቀመጠበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሰጠው መልስ ግን ተመሳሳይ ነበር፦ «ተቀምጧል»። ቃሉ አንድ ሲሆን ትርጉሙ ሁለት ነበር ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ቃል ሊይዛቸው የሚችሉትን ትርጉሞች ለይቶ ማሳየትና ከዚህ በመነሣት ተገልጋዮችም ሆኑ አገልግሎት ሰጪ ተቋማት ሊወስዱት የሚገባውን ጥንቃቄ ማመልከት ነው።

መረጃ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

በተለመደው የመዝገብ ቤት አሠራር አንድ ደብዳቤ ከባለጉዳዩ እጅ ወጥቶ ፋይል ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብዙ እጅ ያልፋል። ተቀባዩ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፤ በገቢ መዝገብ ይሰፍርና ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም ወደ መደርደሪያው ይገባል። ሠራተኛው ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ተነሥቶ ወደ መደርደሪያው መመላለስ ስለሚያደክመው የተወሰኑ ደብዳቤዎች እስኪጠራቀሙ ድረስ ይጠብቃል። በዚህ መካከል ጠረጴዛው ላይ ውኃ ቢፈስ የሚበላሹት ገና ያልተመዘገቡት ናቸው።

የኮምፒውተር አሠራርም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ፕሮግራም «ይህን መረጃ ጻፍ» ብሎ ሲያዝ መረጃው በቀጥታ ወደ ዲስክ አይሄድም። በመጀመሪያ በፕሮግራሙ በራሱ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀጥሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዋና ሶፍትዌር ማህደረ ትውስታ ይተላለፋል። ማስቀመጫው በመረብ የተገናኘ ከሆነ ወደ ሰርቨሩ ይጓዛል፤ በሰርቨሩም ዘንድ መጀመሪያ ማህደረ ትውስታ ውስጥ፣ በኋላ ዲስክ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው በሌሎች ሰርቨሮች ላይ ያሉ ቅጂዎችና በሌላ ከተማ ያለ መጠባበቂያ ጉዳይ የሚነሣው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለፍጥነት ሲባል ነው። ማህደረ ትውስታ ከዲስክ እጅግ የፈጠነ በመሆኑ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዷ መስመር ዲስኩን እየጠበቀ ቢቆም ሥራው ይንቀረፈፋል። ማህደረ ትውስታ ግን ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ ይለቃል። በዓለም ላይ በርካታ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ የተባለው ሶፍትዌር በተለመደው ቅንብሩ አንድን አዲስ መረጃ ወደ ዲስክ ሳያሳልፍ እስከ 30 ሰከንድ ያህል በማህደረ ትውስታው ሊያቆየው ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፕሮግራሙ «ጽፌያለሁ» ብሎ ያምናል፤ ተጠቃሚውም ፋይሉን ከፍቶ ሊያነበው ይችላል፤ መብራት ቢጠፋ ግን መረጃው የለም።

ስለዚህ መረጃው በእርግጥ ዲስክ ላይ ማረፉን ማወቅ የሚፈልግ ፕሮግራም ሌላ ትእዛዝ መስጠት ይኖርበታል። በባለሙያዎች ዘንድ «ኤፍሲንክ» ተብሎ የሚጠራው ይህ ትእዛዝ «የያዝከውን ሁሉ ዲስክ ላይ አሳርፈህ ሲያበቃ መልስ ስጠኝ» እንደ ማለት ነው። «ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ አደራ መስጠት ሲሆን «ኤፍሲንክ» ደግሞ አደራው በሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት የመቆየቱን ማረጋገጫ መጠየቅ ነው። ብዙ የመረጃ መጥፋት አደጋዎች የሚደርሱት የመጀመሪያው ትእዛዝ ተሰጥቶ ሁለተኛው በመዘንጋቱ ነው።

ፋይሉ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ሲከፋፈል

የመንግሥት ተቋማት፣ ባንኮችና የምርምር ተቋማት የሚይዙት መረጃ በአንድ ሰርቨር የሚቻል አይደለም። በመሆኑም አንድን ፋይል ቆራርጠው በበርካታ ሰርቨሮች ላይ የሚያኖሩ፣ ለተጠቃሚው ግን እንደ አንድ ማስቀመጫ የሚታዩ ሥርዓቶች ተሠርተዋል። ጉግል የተባለው ኩባንያ የራሱን ሥርዓት አሠራር በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ በኋላ ሃዱፕ በሚል ስም የሚታወቀው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር በዚያው ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ተስፋፍቷል።

በሃዱፕ የፋይል ሥርዓት አንድ ፋይል በተለመደው ቅንብር 128 ሜጋባይት እየሆነ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰርቨር ቢበላሽ ሁለቱ ይቀራሉ። ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ነገር ግን ዋስትናው ተጽፎ ላበቃ ፋይል እንጂ ገና በመጻፍ ላይ ላለ ፋይል በተመሳሳይ ደረጃ አይሠራም። ለቀናት ያለማቋረጥ የሚሠራና ፋይሉን ከፍቶ ሳይዘጋ የሚጽፍ ፕሮግራም ካለ፣ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪሞላ ድረስ የፋይሉ መጠን ለሌላ ተመልካች ዜሮ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ በድንገት ቢቆም ያልተላከው መረጃ አብሮት ይጠፋል።

ሥርዓቱ ለዚህ ሁለት ትእዛዞችን አዘጋጅቷል። አንደኛው መረጃው ወደ ሦስቱም ሰርቨሮች መድረሱን ያረጋግጣል፤ ይሁን እንጂ እዚያ የሚያርፈው በማህደረ ትውስታቸው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በእያንዳንዳቸው ዲስክ ላይ ማረፉን ያረጋግጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዘወትር ቀን አይታይም፤ የሚታየው የአንድ ሙሉ ማዕከል ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ በተቋረጠ ዕለት ነው። አንድ ሰርቨር ብቻ ቢጠፋ የመጀመሪያው ትእዛዝ ይበቃል፤ ሁሉም አብረው ከጠፉ ግን የሚያድነው ሁለተኛው ብቻ ነው። የመብራት መቋረጥ በሚያጋጥምበት አካባቢ የሚሠራ ተቋም ይህን ልዩነት ከቴክኒክ ዝርዝር አውጥቶ የአመራር ውሳኔ ሊያደርገው ይገባል።

በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው በመረብ የሚጋሩት የፋይል ሥርዓትም የራሱ ሕግ አለው። ኤንኤፍኤስ የተባለው ሥርዓት ሦስተኛ እትም በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለፍጥነት ሲባል ሰርቨሩ መረጃውን ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ «ተቀብያለሁ» እንዲል ተፈቅዶለታል፤ ላኪው ኮምፒውተር ግን በመጨረሻ «አጽድቅልኝ» ብሎ ጠይቆ ማረጋገጫ እስኪያገኝ ድረስ የራሱን ቅጂ መጣል የለበትም። በተለመደው አሠራር ይህ ማረጋገጫ የሚጠየቀው ፋይሉ በሚዘጋበት ጊዜ ነው። አንድ ሰው ጽፎ ሳይዘጋ የተወውን ሰነድ በሌላ ክፍል ያለ ባልደረባው ሲከፍት የቆየውን እትም የሚያገኘው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ለረጅም ጊዜ የሚሠሩ ፕሮግራሞች

የአንድ ዜጋ ማመልከቻ በሰከንዶች ውስጥ ይጠናቀቃል። ከጀርባ ግን ለሰዓታት፣ ለቀናት፣ አልፎም ለሳምንታት የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። የአየር ሁኔታ ትንበያ ስሌት፣ የሕዝብ ቆጠራ መረጃ ማጠናቀር፣ የደመወዝና የጡረታ ክፍያ ዝግጅት፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በመካከል ቢቆምና ምንም ያስቀመጠው ነገር ባይኖር ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል።

መፍትሔው ፕሮግራሙ የደረሰበትን ሁኔታ በየጊዜው ማስቀመጥ ነው። ችግር ሲያጋጥም ከመጨረሻው ቅጂ ይቀጥላል። ታዲያ በየስንት ጊዜው? ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ ጊዜ ይበላል፤ ማዘግየት ደግሞ ሲበላሽ ብዙ ሥራ ያሳጣል። ጆን ያንግ የተባሉ ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. ለዚህ ቀላል ስሌት አቅርበዋል። አንዱን ቅጂ ለማስቀመጥ የሚወስደው ጊዜ በሁለት ብልሽቶች መካከል ባለው አማካይ ጊዜ ይባዛል፤ ውጤቱ በሁለት ይባዛል፤ የዚያም ስኩዌር ሩት ይወሰዳል።

በምሳሌ እንመልከተው። ቅጂውን ለማስቀመጥ 5 ደቂቃ ይፈጃል፤ ብልሽት በአማካይ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ያጋጥማል እንበል። 24 ሰዓት 1,440 ደቂቃ ነው፤ በ5 ሲባዛ 7,200፣ በ2 ሲባዛ 14,400 ይሆናል። የዚህ ስኩዌር ሩት 120 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ቢቀመጥ በቀን ለማስቀመጥ የሚውለው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በብልሽት የሚባክነው ሥራም በአማካይ አንድ ሰዓት ነው። በየ10 ደቂቃው ቢቀመጥ ከቀኑ ሲሶው በማስቀመጥ ብቻ ያልፋል፤ በየ10 ሰዓቱ ቢቀመጥ ደግሞ በእያንዳንዱ ብልሽት በአማካይ የ5 ሰዓት ሥራ ይጠፋል። ትክክለኛው ልክ የሚገኘው ሁለቱ ኪሳራዎች በሚመጣጠኑበት ቦታ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። ሜታ የተባለው ኩባንያ «ላማ 3» የተሰኘውን የቋንቋ ሞዴል ሲያሠለጥን 16,384 የስሌት ካርዶችን በአንድነት ተጠቅሟል። ኩባንያው በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ እንደገለጸው በ54 ቀናት ውስጥ ሥራው 466 ጊዜ የተቋረጠ ሲሆን 419ኙ ያልታሰቡ ነበሩ። ይህም በአማካይ በየሦስት ሰዓቱ አንድ ያልታሰበ መቋረጥ ማለት ነው። ይሁንና ከጠቅላላው ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ለትክክለኛው ሥራ ውሏል። ለዚህ ካበቁት ነገሮች አንዱ የደረሰበትን ሁኔታ በፍጥነት የሚያስቀምጥለት፣ በ7,500 ሰርቨሮች ላይ የተከፋፈለ 240 ፔታባይት የሚይዝ የፋይል ሥርዓት መኖሩ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አስተማማኝነት የሚገነባው መሣሪያው አይበላሽም ከሚል ተስፋ ሳይሆን ይበላሻል ከሚል ግምት ተነሥቶ ነው።

በአሠራሩ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። አዲሱ ቅጂ በአሮጌው ላይ በቀጥታ ከተጻፈና በመካከሉ ችግር ከተፈጠረ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም አዲሱን ቅጂ በሌላ ስም ይጽፋል፤ ዲስክ ላይ ማረፉን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስሙን ለውጦ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። አዲሱ ደረሰኝ ሳይቆረጥ አሮጌውን መቅደድ እንደማይገባ ሁሉ አዲሱ ቅጂ ሳይረጋገጥ የቆየውን ማጥፋት አይገባም።

ማረጋገጫው ራሱ ሲያሳስት

ከላይ «ኤፍሲንክ» የተባለው ትእዛዝ ማረጋገጫ እንደሚሰጥ ተገልጿል። ማረጋገጫው ግን «አልተሳካም» ብሎ ቢመልስስ? በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚያገለግለው ፖስትግሬስ የተባለ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ለ20 ዓመታት ያህል ይከተለው የነበረው አሠራር እንደገና መሞከር ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ግን አዘጋጆቹ አንድ አሳሳቢ ነገር ተገነዘቡ። በሊኑክስ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ካልተሳካ በኋላ ሶፍትዌሩ ያልተጻፈውን መረጃ እንደተጻፈ ቆጥሮት ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለተኛው ሙከራም «ተሳክቷል» የሚል መልስ ያገኛል። መረጃው ግን ዲስክ ላይ አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በወጣው ማስተካከያ ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲያጋጥመው ሥራውን አቁሞ ከመጠባበቂያ መዝገቡ እንደገና እንዲጀምር ተደረገ። አገልግሎቱን ለጥቂት ጊዜ ማቋረጥ ያልተጻፈን ነገር «ተጽፏል» ከማለት ይሻላል ተብሎ ተወሰነ ማለት ነው። ይህ ውሳኔ ለማንኛውም አገልግሎት ሰጪ ተቋም መመሪያ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ቅጂ መያዝ መጠባበቂያ ስላለመሆኑ

በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተከፋፈለ ሥርዓት ሦስት ቅጂ ስላለው መጠባበቂያ አያስፈልገውም የሚል አስተሳሰብ ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። ሥርዓቱ የጻፉትን በሦስት እንደሚያባዛ ሁሉ የሰረዙትንም ከሦስቱ ላይ ይሰርዛል።

በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ለዚህ ማሳያ ነው። ከታኅሣሥ 5 እስከ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሉት ቀናት በዩኒቨርሲቲው ታላቅ ኮምፒውተር ማስቀመጫ ላይ 77 ቴራባይት ያህል የሚሆኑ፣ ቁጥራቸው 34 ሚሊዮን ገደማ የሆነ የምርምር ፋይሎች ተሰረዙ። የሥራው ዓላማ ጊዜ ያለፈባቸውን የክንውን መዝገቦች ማጥፋት ብቻ ነበር። ሥርዓቱን ያቀረበው ኩባንያ ባለሙያዎች ግን የመጠባበቂያ ፕሮግራሙን ስክሪፕት ያሻሻሉት ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ነበር። ፕሮግራሙ ግማሹን ከአሮጌው፣ ግማሹን ከአዲሱ አንብቦ ያልታሰቡ ፋይሎችን መሰረዝ ጀመረ። 14 የምርምር ቡድኖች ጉዳት የደረሰባቸው ሲሆን የአራቱን ፋይሎች ከመጠባበቂያ መመለስ አልተቻለም። መረጃን ለማዳን የተሠራ፣ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም በራሱ የመረጃ ማጥፊያ ሆነ። ዲስኮቹ አልተበላሹም፤ ሥርዓቱም የታዘዘውን ሁሉ በትክክል ፈጽሟል።

የዴጆን ቃጠሎና የኪዮቶ ስረዛ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው። በአንደኛው ቅጂዎቹ በአንድ ሕንፃ በመሆናቸው አብረው ጠፉ፤ በሁለተኛው በአንድ ትእዛዝ ሥር በመሆናቸው አብረው ተሰረዙ። እውነተኛ መጠባበቂያ የሚባለው ከዋናው በቦታም በትእዛዝም የተለየ፣ በየጊዜውም መልሶ በመክፈት የተሞከረ ቅጂ ነው። ያልተሞከረ መጠባበቂያ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።

ከተቋማት የሚጠበቀው

በኢትዮጵያ የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ኤሌክትሮኒክ አሠራር በመሸጋገር ላይ ይገኛሉ፤ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚደረጉ ግንኙነቶች ሕጋዊ እውቅና እንዲኖራቸውም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። ሕጉ ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ክብር ሲሰጥ ሰነዱን የሚይዘው ሥርዓትም ለዚያ ክብር የሚመጥን መሆን አለበት። ይህም በተግባር ሲተረጎም የሚከተሉትን ይጠይቃል።

አንደኛ፣ «ደርሶናል» የሚለው መልእክት ለተገልጋዩ መታየት ያለበት መረጃው ዲስክ ላይ ማረፉና ቢያንስ በሌላ ሰርቨር ላይ ቅጂ መያዙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ለጥቂት ሰከንዶች መዘግየት ተገልጋዩን አይጎዳም፤ ያልደረሰን «ደርሷል» ማለት ግን የይግባኝ ወይም የምዝገባ ቀነ ገደብ ሊያሳልፍበት ይችላል። ሁለተኛ፣ በመላክ ላይ ያለ፣ በረቂቅ የተያዘና በይፋ የተመዘገበ ማመልከቻ በተለያየ ቃል መገለጽ አለበት። ሦስተኛ፣ ለረጅም ጊዜ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሁኔታቸውን የሚያስቀምጡበት የጊዜ ልክ በግምት ሳይሆን በስሌት መወሰን ይኖርበታል። አራተኛ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ከተማ መቀመጥና መልሶ የመክፈት ልምምድ በየጊዜው መደረግ አለበት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

ተገልጋዮች የሥርዓቱን ውስጣዊ አሠራር ሊቆጣጠሩ አይችሉም፤ የራሳቸውን ድርሻ ግን መጠበቅ ይችላሉ።

የማመልከቻ ወይም የመዝገብ ቁጥር እስኪሰጥ ድረስ ጉዳዩ እንደተመዘገበ አይቁጠሩ። «በመላክ ላይ» የሚል ምልክት የመድረስ ማረጋገጫ አይደለም። ቁጥሩ እንደታየ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በወረቀት ይጻፉ ወይም የስክሪኑን ምስል ይያዙ።

ብዙ ገጽ ያለው ቅጽ ሲሞሉ እያንዳንዱን ክፍል እንደጨረሱ «አስቀምጥ» የሚለውን ይጫኑ። ሁሉንም ሞልቶ በመጨረሻ ብቻ ማስቀመጥ መብራት ወይም ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ያስጀምራል። «አስቀምጥ» እና «ላክ» የተለያዩ መሆናቸውንም አይዘንጉ፤ በረቂቅ የተቀመጠ ማመልከቻ ለመሥሪያ ቤቱ አልደረሰም።

ከላኩ በኋላ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ተመልሰው በመግባት ማመልከቻው በቁጥሩ ሲፈለግ መገኘቱን፣ የተያያዙት ሰነዶችም በትክክል መከፈታቸውን ያረጋግጡ። ይህ አጭር ፍተሻ ሰነዱ በእርግጥ መቀመጡን ለማወቅ ተገልጋዩ በእጁ ያለው ቀላሉ መንገድ ነው።

ክፍያ ፈጽመው ስክሪኑ በመካከል ቢቆም ደግመው ከመክፈልዎ በፊት የግብይት ቁጥሩን በባንክዎ ወይም በስልክ መልእክትዎ ያጣሩ። ገንዘቡ ተቀናሽ ሆኖ የማመልከቻው ምዝገባ ብቻ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።

የልደት፣ የትምህርት፣ የይዞታና መሰል የምስክር ወረቀቶችን ዋና ቅጂ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ስለላኩ ብቻ አያስወግዱ። በስልክዎ ያለው ቅጂም በሌላ ሥፍራ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ በአንድ ስልክ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተቀመጠ ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ቀነ ገደብ ያለውን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰዓት አያቆዩ። በመጨረሻው ሰዓት የብዙ ሰዎች ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ሥርዓቱ ይጨናነቃል፤ ስሕተት ቢፈጠርም ለማረም የሚበቃ ጊዜ አይኖርም። ችግር ካጋጠመዎት የስሕተቱን መልእክት፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበው አገልግሎቱን ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ያቅርቡ፤ ባለሙያዎች የጠፋውን ማመልከቻ በክንውን መዝገብ ውስጥ የሚፈልጉት በዋናነት በሰዓቱ ነው።

በማጠቃለል፣ መረጃ «ተቀምጧል» የሚባለው ሲጻፍ ሳይሆን ከጻፈው ፕሮግራም፣ ከተጻፈበት ሰርቨርና ካረፈበት ሕንፃ መጥፋት በኋላም ሊገኝ ሲችል ነው። በዴጆን ከተማ በይፋ የተመዘገበው ደብዳቤ ተርፎ በአንድ ማስቀመጫ ብቻ የነበረው ረቂቅ የጠፋው በዚህ ልዩነት ነው። አገልግሎት ሰጪው ተቋም ይህን ደረጃ ሳያረጋግጥ «ደርሶናል» ከማለት ይቆጠብ፤ ተገልጋዩም ቁጥሩን ሳይይዝና መልሶ ሳያጣራ ጉዳዬ አልቋል አይበል።